እጅ የሚፈልግ እርሻ፦ አሚሾች ቴክኖሎጂን የሚመዝኑበት ሚዛን

ስለ ቴክኖሎጂ ስናስብ አብዛኞቻችን በአእምሯችን የምንስለው አንድ ቀጥተኛ ጎዳና ነው። ጎዳናው ከሞፈርና ቀንበር ተነሥቶ ወደ ትራክተር፣ ከኩራዝ ተነሥቶ ወደ አምፑል፣ ከመልእክተኛ ተነሥቶ ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ያመራል። በዚህ ጎዳና የቀደመው «ሠለጠነ» ይባላል፤ የዘገየው ደግሞ «ኋላ ቀር» የሚል ስም ይሰጠዋል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩት የአሚሽ ገበሬዎች ግን በጎዳናው ላይ የቆሙበትን ቦታ ለይቶ ለማመልከት አስቸጋሪ ናቸው። ማሳቸውን የሚያርሱት በበቅሎና በፈረስ ነው፤ ወተታቸውን የሚያቀዘቅዙት ግን በናፍጣ ሞተር ነው። መኪና አይገዙም፤ ሩቅ መንገድ ሲኖርባቸው ግን ለባለ መኪና ጎረቤት ከፍለው ይሳፈራሉ። ስልክ በመኖሪያ ቤታቸው አይገባም፤ በእርሻው መግቢያ በቆመች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ግን ሊገኝ ይችላል።

ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ አኗኗር ነው ወይስ በቅጡ የታሰበበት ስሌት? ለጥያቄው መልስ ለማግኘት ከመጻሕፍት ባሻገር እርሻውን ራሱን መመልከት፣ ከተቻለም እጅን አስገብቶ መሥራት ይረዳል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነዋሪነታቸው በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከሆነ ሦስት ጓደኞቹ ጋር በፔንስልቬንያ ክፍለ ግዛት፣ በላንካስተር አውራጃ በሚገኝ አንድ የአሚሽ እርሻ ለአራት ቀናት በድርቆሽ ሥራ የማገዝ ዕድል አግኝቶ ነበር። ቀጥሎ በዚያ የተመለከትነውን የሥራ ሂደት ከበስተጀርባው ካለው ፊዚክስና ሥነ ሕይወት ጋር አያይዘን እናቀርባለን።

ከየት መጡ?

የአሚሾች መነሻ እ.ኤ.አ. በ1525 በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ ከተማ የተጀመረው የአናባፕቲስት እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴው ጥምቀት አምኖና ፈቅዶ ለሚቀበል አዋቂ እንጂ ለሕፃናት አይደለም የሚል አቋም በመያዙ ከባድ ስደት ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1693 ያዕቆብ አማን የተባለ መሪ በሥርዓት ጥብቅነት ጉዳይ ከሌሎቹ ሲለይ ተከታዮቹ በእርሱ ስም አሚሽ ተባሉ፤ ሌላው ወገን ሜኖናይት በሚለው ስም ይታወቃል። በ18ኛው መቶ ዘመን ሁለቱም ወገኖች ወደ ፔንስልቬንያ ፈለሱ።

ሜኖናይት የሚለው ስም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ ሆስፒታል የከፈቱት ሜኖናይቶች ነበሩ፤ ከሥራቸውም የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተወልዳለች። ሚስዮናውያኑን ያሰማራው ድርጅት መቀመጫም እዚያው ላንካስተር አውራጃ ውስጥ ነበር። እኛም ወደ እርሻው የደረስነው በዚሁ ዝምድና ነው። በወጣትነታቸው በኢትዮጵያ ያገለገሉ አንድ አረጋዊ ሜኖናይት ከአሚሽ ጎረቤታቸው ጋር አስተዋወቁን፤ የድርቆሽ ጊዜ በመሆኑም ተጨማሪ እጅ የሚጠላ ሰው አልነበረም።

በ20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ የአሚሾች ቁጥር ከ10 ሺህ በታች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ወደ 400 ሺህ ደርሷል። ቤተሰቦቻቸው ብዙ ልጆች ይወልዳሉ፤ ከልጆቹም ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ዐዋቂ ሲሆኑ በገዛ ፈቃዳቸው ተጠምቀው በማኅበሩ ይቀራሉ። በዚህም ምክንያት ሕዝቡ በ20 ዓመት ገደማ በእጥፍ ያድጋል። ለመጥፋት የተቃረበ የጥንት ቅሪት አድርጎ የሚያያቸው ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ መደነቁ አይቀርም።

የመመዘኛው ሥርዓት

የአሚሽ ማኅበር የሚደራጀው ከ20 እስከ 40 ቤተሰቦችን በሚይዙ አጥቢያዎች ነው። እያንዳንዱ አጥቢያ «ኦርድኑንግ» በተባለ፣ በአብዛኛው ባልተጻፈ ደንብ ይመራል። ደንቡ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከቅዱስ ቁርባን በፊት፣ በአባላት ፊት ቀርቦ ይጸናል። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ አንዳንዴ ጥቂት ሰዎች ይሞክሩታል፤ ማኅበሩም ውጤቱን ይመለከታል፤ ከዚያም ይፈቀዳል፣ ይከለከላል፣ ወይም በከፊል ይፈቀዳል። ውሳኔው ከአጥቢያ አጥቢያ ስለሚለያይ «አሚሾች ይህን አይጠቀሙም» ብሎ በጅምላ መናገር ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

አሚሾችን ለረዥም ዓመታት ያጠኑት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ክሬይቢል እንደሚያስረዱት መሣሪያ በራሱ ኃጢአት ነው የሚል እምነት የለም። የሚጠየቀው መሣሪያው ቤተሰብንና ጎረቤትን ያቀራርባል ወይስ ያራርቃል የሚለው ነው። የላንካስተር አሚሾች ብስክሌት አይነዱም፤ በእግር እየተገፋ የሚሄድ ባለ ሁለት ጎማ ስኩተር ግን ይጠቀማሉ። ሁለቱም ጎማ አላቸው፤ ስኩተሩ ግን ሰውን ከቤቱ እጅግ አያርቅም። በፈረስ የሚጎተተው ሠረገላ በሰዓት ከ13 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት የሚኖር ሰው ሐኪሙም፣ ዘመዱም፣ ወፍጮውም፣ ማኅበሩም በአቅራቢያው መሆን አለባቸው። እንግዲህ ፍጥነትን መወሰን የጎረቤትን ዙሪያ መወሰን ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የላንካስተር አሚሾች ቤታቸውን ከሕዝብ ኤሌክትሪክ መስመር ጋር ላለማገናኘት የወሰኑት በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ነው። ባትሪ ግን አልተከለከለም። የኤሌክትሮኖች ፍሰት በሁለቱም አለ፤ ልዩነቱ ያለው ሽቦው ከቤት ወጥቶ ከማን ጋር እንደሚያስተሳስርና ምን ይዞ እንደሚገባ ነው።

ስድስት በቅሎ ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?

በላንካስተር ማሳዎች ላይ ከፈረስ ይልቅ የሚበዛው በቅሎ ነው። በቅሎ ከወንድ አህያና ከባዝራ የምትወለድ ድቃይ መሆኗን «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» የሚለው አነጋገራችን ያስታውሰናል። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶሞች አሏቸው። በቅሎ ከእናቷ 32፣ ከአባቷ 31 ትወርስና ባለ 63 ትሆናለች። የመራቢያ ሴሎች ሲሠሩ ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው መሰለፍ ይኖርባቸዋል፤ የበቅሎዋ ግን በቁጥርም በቅርጽም በትክክል ስለማይገጥሙ ከጥቂት ልዩ አጋጣሚዎች በስተቀር በቅሎ መካን ናት። በሌላ በኩል ከሁለቱ ዝርያዎች መዳቀል የተገኘው ብርታት ሙቀትን የምትችል፣ ሰኮናዋ ጠንካራ፣ በመኖ ቆጣቢ ያደርጋታል። እርሻው ላይ ያየናቸው በቅሎዎች ግን አገር ቤት ከምናውቃቸው ይለያሉ፤ እናቶቻቸው ቤልጂያን ከተባለው ግዙፍ የጭነት ፈረስ ዘር በመሆናቸው ክብደታቸው ወደ 600 ኪሎ ግራም ይጠጋል።

የሥራ ከብት ቀኑን ሙሉ ሳይጎዳ ሊጎትት የሚችለው ኃይል የሰውነቱን ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ነው ተብሎ ይገመታል። ለ600 ኪሎ ግራም በቅሎ ይህ ወደ 590 ኒውተን ይሆናል። እርምጃዋ በሰከንድ 1.1 ሜትር ቢሆን ጉልበቷ 590 በ1.1 ተባዝቶ 650 ዋት ገደማ ነው። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሮቹን አቅም ለመግለጽ ያወጣው «የፈረስ ጉልበት» 746 ዋት በመሆኑ አንዲት በቅሎ ከአንድ የፈረስ ጉልበት ጥቂት ዝቅ ትላለች። አብረው የሚጠመዱ ስድስት በቅሎዎች ወደ አምስት የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። አንድ አነስተኛ ትራክተር 50 አለው።

የአሥር እጥፍ ልዩነቱ የእርሻውን ስፋት ይወስናል። በበቅሎ የሚያርስ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው 30 ሄክታር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢገዛም አያደርሰውም። ትራክተር ያለው ግን የጎረቤቱን መሬት ጨምሮ ሊያርስ ይችላል፤ ሊያርስ ከቻለ ሊገዛው ይፈልጋል፤ ከገዛውም ጎረቤት አይኖረውም። በአሜሪካ የገጠር ቀበሌዎች በ20ኛው መቶ ዘመን የታየው ይኸው ነው፤ እርሻዎች ሲሰፉ ገበሬዎች ተመናመኑ። አሚሾች ትራክተርን ጨርሶ አላባረሩትም። በጎተራው አጠገብ ቆሞ መኖ ለመቁረጥና ለመፍጨት እንዲያገለግል ፈቅደው ወደ ማሳ እንዳይወጣ ግን ከልክለዋል።

እኛ የሠራንበት የድርቆሽ ማሰሪያ መኪና የዚህ ስምምነት ጥሩ ምሳሌ ነው። መኪናው በራሱ ላይ በተገጠመ ሞተር ድርቆሹን እየጠቀጠቀ በገመድ ያስራል። የሚጎተተው ግን በበቅሎዎች ነው። ሞተሩ ማሰሩን እንጂ መጓዙን አይሠራም፤ የሥራውን ፍጥነትና የማሳውን ስፋት የሚወስኑት አሁንም የበቅሎዎቹ እግሮች ናቸው።

ድርቆሽ፦ ከዝናብና ከእሳት መካከል

ድርቆሽ ሲባል ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሣር አጭዶ ማድረቅ ነው። ነገር ግን ገበሬው በዓመቱ ውስጥ ከሚያደርጋቸው ውሳኔዎች መካከል እንደ ድርቆሽ ጊዜ አስጨናቂ የሆነ ጥቂት ነው።

አዲስ የታጨደ አልፋልፋ ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ሳይበላሽ ታስሮ እንዲቀመጥ ውኃው ወደ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት። አንድ ሺህ ኪሎ ግራም እርጥብ ሣር ውስጥ ያለው ደረቅ ነገር 200 ኪሎ ግራም ነው። ያ ደረቅ ነገር 20 በመቶ ውኃ ሲይዝ ክብደቱ 250 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስለዚህ 750 ኪሎ ግራም ውኃ ወደ አየር መሄድ አለበት። ከአንድ ሄክታር 2.5 ቶን ድርቆሽ የሚሰበሰብ ቢሆን የሚተነው ውኃ 7.5 ቶን ነው። ይህን ውኃ በእሳት እናትነው ብንል ከ5 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ያላነሰ ኃይል ያስፈልገን ነበር። ፀሐይና ነፋስ በሁለትና በሦስት ቀን በነፃ ይሠሩታል፤ ዝናብ ካልቀደማቸው።

ችግሩን የሚያወሳስበው ቅጠልና ግንድ እኩል አለመድረቃቸው ነው። ቅጠሉ ስስ በመሆኑ ቶሎ ይደርቃል፤ ግንዱ ግን እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። አብዛኛው ፕሮቲን ያለው ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ነው። ግንዱ እስኪደርቅ ዝም ብለን ብንጠብቅ ቅጠሉ ተሰባብሮ መሬት ላይ ይቀራል፤ ላሟም የምትበላው እንጨት ይሆናል። ለዚህ ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው ሲታጨድ ግንዱን በጥርሳም ጥቅሎች መካከል አሳልፎ መሰንጠቅና ውኃው መውጫ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ሣሩን በረድፍ የመሰብሰቡን ሥራ ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣ ቅጠሉ ለስልሶ ሳለ፣ በማለዳ መሥራት ነው። በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ከአልጋችን የተቀሰቀስነው በዚህ ምክንያት ነበር። አባወራው አንድ እፍኝ ድርቆሽ አንሥቶ በሁለት እጁ እንደ ገመድ ሲያጥፈውና ሲጠመዝዘው ደጋግመን አየን። ግንዱ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ለመታሰር ደርሷል፤ ሳይሰበር ሲጠመዘዝ ግን ገና ነው።

ሳይደርቅ የታሰረ ድርቆሽ ምን ያመጣል? በመጀመሪያ ያልሞቱ የተክሉ ሴሎችና ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን እያቃጠሉ ይተነፍሳሉ፤ ሙቀትም ይፈጠራል። ድርቆሽ ሙቀት በደንብ የማያስተላልፍ በመሆኑ የተፈጠረው ሙቀት በክምሩ መካከል ታምቆ ይቀራል። ከዚያም ሙቀት ወዳድ የሆኑ ተሕዋስያን ተራውን ይይዛሉ። ሙቀቱ ወደ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ እነርሱም ይሞታሉ፤ ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ከዚህ በኋላ ስኳርና ፕሮቲን፣ ስኳርና ኦክስጅን የሚያደርጓቸው ኬሚካላዊ ለውጦች ራሳቸው ሙቀት አመንጪ ናቸው፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥርም ይፈጥናሉ። ገበሬዎች የክምሩ ሙቀት 65 ዲግሪ ካለፈ የአደጋ ምልክት አድርገው ይወስዱታል። 80 ካለፈ እሳት ቅርብ ነው። አደገኛው ጊዜ ከታሰረ በኋላ ያሉት ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንታት ናቸው፤ ክብሪት ሳይጫር፣ ማንም ሳይነካው ጎተራው ሊነድ ይችላል።

የእኛ ድርሻ ቀላል ነበር። ሁለታችን ከማሰሪያው መኪና በስተኋላ በተቀጠለው ጋሪ ላይ ቆመን እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ ግራም የሚመዝኑትን እስሮች እየተቀበልን እንደ ጡብ እያቆላለፍን ደረደርን፤ ሁለታችን ደግሞ ከጎተራው ፎቅ ላይ ከአባወራው ወንዶች ልጆች ጋር ከመርን። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ያልተጠሩ ሁለት ጎረቤቶች ከነልጆቻቸው በሠረገላ መጡ፤ ስለ ክፍያም አንድ ቃል አልተነሣም። የመጨረሻው ጋሪ ጎተራ ሲገባ ዝናቡ ገና አልጀመረም ነበር። እኛ ደቦ ወይም ወንፈል የምንለው ነው፤ ዛሬ ለእርሱ፣ ነገ ለእነርሱ።

ደቦው የመድን ዋስትናም ነው። አብዛኞቹ አሚሾች ከንግድ ኩባንያዎች የእሳት መድን አይገዙም። በግል ሥራ የሚተዳደሩትም ከአሜሪካ መንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣ ሕግ ነፃ ሆነዋል፤ ጥቅሙንም አይቀበሉም። ጎተራው የነደደበት ሰው ፍርስራሹ በተነሣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው አዲሱን ጎተራ ያቆሙለታል። በመድን ኩባንያ ስሌት አደጋ ለብዙ ሰዎች ይከፋፈላል። እዚህም ይከፋፈላል፤ የሚከፋፈለው ግን በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በእጅ ነው።

ወተቱን ያለ ኤሌክትሪክ መስመር

ወተት ከላሟ ሲወጣ ሙቀቱ ወደ 37 ዲግሪ ነው፤ ይህም ለባክቴሪያ የተመቸ ነው። በዚህ ሙቀት በየግማሽ ሰዓቱ በእጥፍ የሚራባ ባክቴሪያ በአራት ሰዓት ውስጥ ስምንት ጊዜ ይታጠፍና 256 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የአሜሪካ የወተት ደንብ ለመጠጥ ወተት ገበያ የሚቀርበው ሁሉ አለባው ካበቃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ 7 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች እንዲወርድ ያስገድዳል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ወተት ገዢ ድርጅቶች ወተት በጣሳ መቀበል ትተው በትልቅ ማቀዝቀዣ ጋን ብቻ እንረከባለን ሲሉ የላንካስተር አሚሾች ችግር ላይ ወደቁ። ወተት ለአነስተኛ እርሻ ዋነኛ የገቢ ምንጭ ነው፤ ጋኑ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ከድርድር በኋላ የተገኘው መፍትሔ የሁለቱንም ወገን ደንብ ያከበረ ነበር። ማቀዝቀዣውን የናፍጣ ሞተር ያንቀሳቅሰዋል፤ ወተቱን የሚያማስለው መቅዘፊያ በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ እሑድ ግን ወተት አይጫንም።

ለምን በባትሪ ብቻ አልሆነም ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ በሒሳብ ይገኛል። በቀን አንድ ሺህ ሊትር ወተት ከ37 ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ 37 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ከወተቱ መውጣት አለበት። ማቀዝቀዣው ለእያንዳንዱ የሥራ ክፍል ሦስት ክፍል ሙቀት ያወጣል ብንል እንኳ 12 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሥራ ያስፈልጋል። አንድ ተራ የመኪና ባትሪ የሚይዘው 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሞተሩ ኮምፕሬሰሩን በቀጥታ ቢያዞር ይሻላል።

ከሞተሩ አጠገብ ደግሞ ሌላ አስገራሚ ነገር አለ፤ የታመቀ አየር የሚጠራቀምበት የብረት ጋን ነው። ከዚያ የተነሡ ቧንቧዎች ወደ ቤትና ወደ ሥራ ቦታ ይሄዳሉ። የውኃ ፓምፑ፣ የስፌት መኪናው፣ የሊጥ ማቡኪያው በአየር ግፊት ይዞራሉ። በኃይል ቁጠባ ረገድ ይህ የሚመሰገን አይደለም። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ ሙቀቱም በጋኑ ግድግዳ በኩል ይባክናል። አንድ ሜትር ኩብ የሚይዝ ጋን በ8 ባር ግፊት ተሞልቶ የሚሰጠው ሥራ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም፤ ከመኪናው ባትሪ ያነሰ ነው። መሐንዲስ ቢጠየቅ «ሽቦ ዘርጋ» ይል ነበር። ይሁን እንጂ ቧንቧው ከሽቦው በአንድ ነገር ይለያል፤ ቴሌቪዥን በአየር ግፊት አይሠራም። ኃይሉን አስገብቶ ከኃይሉ ጋር የሚመጣውን ማስቀረት የሚያስችል ማጣሪያ ነው።

ሥራው በሰውነት ላይ የሚያሳየው

እንዲህ ያለው አኗኗር ለሕክምና ተመራማሪዎች እንደ ቤተ ሙከራ ሆኖ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዴቪድ ባሴትና ባልደረቦቹ በካናዳ፣ በኦንታሪዮ በሚገኝ የአሚሽ ማኅበር 98 ሰዎች እርምጃ ቆጣሪ እንዲታጠቁ አድርገው ነበር። ወንዶቹ በቀን በአማካይ 18,425፣ ሴቶቹ 14,196 እርምጃ ተራምደዋል። በጂም ቤት የሚፈለገው እንቅስቃሴ እዚህ የሥራው አካል ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአስም ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በኢንዲያና የሚኖሩ የአሚሽ ልጆችን በደቡብ ዳኮታ ከሚኖሩ የሃተራይት ልጆች ጋር አነጻጸሩ። ሃተራይቶችም ከአናባፕቲስት ወገን ናቸው፤ የዘር ምንጫቸው ተቀራራቢ ነው፤ ብዙ ልጆች ይወልዳሉ፤ ከብትም ያረባሉ። ልዩነቱ በእርሻው አሠራር ላይ ነው። የሃተራይት እርሻ ሰፊና በመኪና የሚሠራ ሲሆን ከብቶቹ ከመኖሪያው ርቀው ይገኛሉ፤ የአሚሽ ልጅ ግን በረትና ጎተራ ውስጥ ያድጋል። የአስም ስርጭት በአሚሽ ልጆች ዘንድ 5.2፣ በሃተራይት ልጆች ዘንድ 21.3 በመቶ ነበር። በአሚሽ ቤቶች አቧራ ውስጥ ኢንዶቶክሲን የተባለው የባክቴሪያ ቅሪት 6.8 እጥፍ በልጦ ተገኘ። የአሚሽ ቤት አቧራ ቅምም በአይጦች አፍንጫ ሲሰጥም አስም መሰል ሕመም እንዳይይዛቸው ጠበቃቸው፤ የተፈጥሮ መከላከያቸውን የሚያነቁ ጂኖች በጎደሏቸው አይጦች ላይ ግን ጥበቃው አልታየም።

ከዚህ ተነሥቶ አቧራ ሁሉ ይጠቅማል ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። እርጥብ ሆኖ የታሰረና የሻገተ ድርቆሽ አቧራ ሳንባን የሚያቆስል «የገበሬ ሳንባ» የተባለ በሽታ ያመጣል። ምክንያቱም ድርቆሹን ያሞቁት እነዚያው ሙቀት ወዳድ ተሕዋስያን ናቸው። ድርቆሹን በቅጡ ማድረቅ እንግዲህ ጎተራውን ከእሳት፣ ገበሬውን ከሕመም ያድናል።

ሒሳቡ የማይዘጋበት

አኗኗሩ ዋጋም ያስከፍላል። ሕዝቡ ከጥቂት ቅድመ አያቶች የተገኘና በመካከሉ የሚጋባ በመሆኑ በሌላው ዘንድ ብርቅ የሆኑ የዘር በሽታዎች ይበዙበታል። ቪክቶር ማኩሲክ እ.ኤ.አ. በ1964 በላንካስተር አሚሾች መካከል ያጠኑት፣ አጭር ቁመትና ትርፍ ጣት የሚያስከትለው ኤሊስ ቫን ክሬቬልድ የተባለ ሕመም ለዚህ ማሳያ ሆኖ በመማሪያ መጻሕፍት ይጠቀሳል። ከዚህ ጋር ተያይዞ የሆነውን መጥቀስ ይገባል። ሐኪሙ ሆልምስ ሞርተን በእነዚህ በሽታዎች ለሚሠቃዩ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ1989 ክሊኒክ ሲመሠርቱ፣ በስትራስበርግ ከተማ አጠገብ ሕንፃውን ያቆሙት ልክ እንደ ጎተራ ተሰባስበው የመጡ አሚሾችና ሜኖናይቶች ናቸው። የኤሌክትሪክ ሽቦ በቤታቸው የማያስገቡ ሰዎች ለዘር ምርመራ ቤተ ሙከራ በእጃቸው ጣሪያ ሠሩ። ሚዛኑ ተመሳሳይ ነው፤ ይህ መሣሪያ ልጆቻቸውን ከመካከላቸው አያርቅም፣ ያቆይላቸዋል እንጂ።

ትምህርት በስምንተኛ ክፍል ያበቃል። የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን በሃይማኖት ነፃነት መብትነቱ አጽድቆታል። ከጎተራው ፎቅ ላይ ከእኛ ጋር ይሠራ የነበረው የ15 ዓመት ልጅ ስለ አፈር፣ ስለ ሞተርና ስለ ከብት ያለው ዕውቀት አስደንቆናል። ሐኪም ወይም መሐንዲስ መሆን ቢፈልግ ግን መንገዱ ከማኅበሩ ውጭ ነው።

የአካባቢው ተፈጥሮም ተጎድቷል። ብዙ ላሞች በጥቂት መሬት ላይ ሲከማቹ ፍግ ይበዛል። ሰብሉ ያልወሰደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በዝናብ ታጥቦ በኮኔስቶጋ ወንዝ ወደ ሳስክዌሃና፣ ከዚያም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። በዚያ አልጌ ይመግባል፤ አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ ኦክስጅን ያሟጥጣል፤ ዓሣና ሸርጣንም ይታፈናሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ለባሕረ ሰላጤው የብክለት ጣሪያ ሲያወጣ ከታሰቡት አካባቢዎች አንዱ ላንካስተር ነበር። በቅሎ ማረስ ብቻውን መሬትንና ውኃን አይጠብቅም።

ከሁሉም የከበደው የመሬት ጥያቄ ነው። በ20 ዓመት የሚታጠፍ ሕዝብ ባለበት፣ መሬት ግን በማይታጠፍበት፣ የላንካስተር መሬት ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ዛሬ በዚያ አውራጃ በእርሻ የሚተዳደሩት የአሚሽ ቤተሰቦች ከግማሽ በታች ናቸው። የቀሩት በእንጨት ሥራ፣ በግንባታና በአነስተኛ ንግድ ተሰማርተዋል፤ ሌሎችም መሬት ፍለጋ ወደ ሌሎች ክፍለ ግዛቶች ፈልሰዋል። በፋብሪካ ወይም በሱቅ የሚውል አባት ከልጆቹ ጋር አይከምርም። ድርቆሹን በበቅሎ ፍጥነት ያስቀረው ሚዛን ይህን ያስቀር እንደሆነ የሚታየው በመጪዎቹ ትውልዶች ነው።

ምን እንማራለን?

ምሕንድስና የሚያስተምረን አንድን ሥራ በትንሹ ጉልበት፣ በትንሹ ጊዜ፣ በትንሹ ሰው መፈጸምን ነው። በዚህ ስሌት የሰው እጅ ወጪ ነው፤ በተቀነሰ ቁጥር አሠራሩ ይሻሻላል። በአሚሽ እርሻ ላይ ያየነው ስሌት ተመሳሳይ ፊዚክስ፣ ተመሳሳይ ኬሚስትሪ፣ ተመሳሳይ ሒሳብ ይጠቀማል፤ የሚፈልገው ውጤት ግን የተለየ ነው። በዚያ የሰው እጅ በወጪ መዝገብ ሳይሆን በትርፍ መዝገብ ይጻፋል። እስሮቹን የሚደረድር እጅ ባያስፈልግ ኖሮ ዝናቡ ሲያጉረመርም ጎረቤት በሠረገላ የሚመጣበት ምክንያት ባልኖረ ነበር።

ይህን ስንል በቅሎ ወደ መጥመድ እንመለስ ማለታችን አይደለም፤ የእነርሱን ውሳኔዎች መቅዳትም አይቻልም፣ አያስፈልግምም። የሚቀዳው ጥያቄያቸው ነው። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ «ይሠራል ወይ?»፣ «ዋጋው ስንት ነው?» ከሚሉት ቀጥሎ «ከገባ በኋላ ማን ለማን አያስፈልግም?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ እንደየማኅበረሰቡ ሊለያይ ይችላል። የሣይንስ ተማሪ ግን መሣሪያውን ሲነድፍም ሆነ ሲመርጥ ይህን ጥያቄ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጥ ስሌቱ የተሟላ ይሆናል።